የሰኞ እግር

ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚያወጣው ዳገት ላይ ማቴዎስን በሩጫ ቀድሜዋለሁ። ይህን የምናገረው አፌን ሞልቼ ነው። ማቴዎስ ማለት ሚኒባስ ማርሽ እስኪቀይር ጥሎት የሚሄድ፣ ፍየል ሳር ማላመጧን አቁማ የምታየው፣ ከኋላው የሚሮጥ ሰው አቧራውን እንጂ ጀርባውን አይቶት የማያውቅ ልጅ ነበር። እኔ ግን ቀድሜዋለሁ፤ ያውም በውድድር ቀን፣ ያውም ሕዝብ ግራና ቀኝ ተሰልፎ እያየ።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ስቀድመው እሱ አይሮጥም ነበር። መንገድ ዳር ካለች ዛፍ ሥር በጀርባው ተጋድሞ፣ ሁለት ሴቶች በነጠላቸው ያራግቡለት ነበር።

በቀደም ለሠርግ አርባ ምንጭ ሄጄ፣ ጠዋት ያንኑ ዳገት በእግሬ ስወጣ አንድ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የጋለ ላስቲክ ሽታ፤ ፀሐይና ላብ ተባብረው የቀቀሉት ላስቲክ። ከየት እንደመጣ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ፤ አሁን ብነግራችሁ ትስቁና ታሪኩን ታቋርጡብኛላችሁ። ብቻ ዳገቱ መሃል ቆምኩ። ከታች ዓባያ ሐይቅ እንደ ልማዱ ወተት የነካው ሻይ መስሎ ተኝቷል። የስንት ዓመት ንዴት ትናንት እንደተጣደ ማሰሮ ገነፈለብኝ።

ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ከጎጃም ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ቢሮው ላይ ሴቻ፣ ቤታችን ታች ሲቀላ። ማቴዎስ በዚያው ዓመት ከጨንቻ ደጋ ወርዶ አጎቱ ዘንድ የተቀመጠ የጎረቤታችን ልጅ ነው። አጎቱ ጋሽ ጳውሎስ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናቸው፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ የሰማኋቸው ሲዘምሩ ብቻ ነው። የማቴዎስ አባት ደግሞ ደጋ ላይ ሸማኔ ናቸው፤ ልጃቸውን ሲልኩ ቁርጡን ተናግረዋል። በሩጫ ተመርጦ ለውድድር ሐዋሳ ከሄደ፣ ከተማ ተቀምጦ ትምህርቱን ይቀጥላል። ካልተመረጠ ክረምት ሲገባ ተመልሶ ከሳቸው ጎን ሽመና ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል። ሽመናን ንቄ አይደለም፤ የለበስኩት ሁሉ የነሱ እጅ ነው። ግን እንደዚያ የሚሮጥ እግር ጉድጓድ ውስጥ ይግባ ማለት ንስርን ዶሮ ቤት እንደ መቆለፍ ነው።

አሰልጣኛችን መምህር ጎሹ ነበሩ። ሰማያዊ ቱታ፣ አንገታቸው ላይ ፊሽካ፣ ሆዳቸው ከፊሽካው ቀድሞ የሚደርስ። የአባቴ የዳማ ጓደኛ ናቸው። እኛ ዳገቱን ስንሮጥ እሳቸው ሚኒባስ ውስጥ ጋቢና ተቀምጠው፣ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው "ሰውነት ብረት ነው! ካልቀጠቀጡት አይሳልም!" ይላሉ። ረዳቱ "መምህር፣ አንገትዎን ያስገቡ፣ ትራፊክ አለ" ይላቸዋል። እሳቸው ግን ያው ናቸው።

የመጀመሪያው ቀን ልምምድ ባለፈ በማግስቱ ከአልጋ ልነሳ ብል እግሬ የሌላ ሰው ሆኗል። ጭኔን ስነካው እጮሃለሁ፤ ሽንት ቤት ለመሄድ ግድግዳ እየያዝኩ እንደ ሸርጣን በጎን ሄድኩ። እናቴ እልል የሚያሰኝ ነገር ያየች ይመስል ሁለት እጇን አነሳች።

"ምች ነው! ልጄን በጠራራ ፀሐይ አስሩጠው ምች አስመቱት!"

ዳማከሴ ተቆረጠ፣ ታሸ፣ አፍንጫዬ ውስጥ ተጨመቀ፣ ጭኔ ተቀባ። ጋሽ ጳውሎስ በአጥር ላይ "እንጸልይለት?" አሉ። አባቴ ጋዜጣውን ሳያወርድ "መምህሩ የሚያደርገውን ያውቃል" አለ። መምህር ጎሹ በበኩላቸው "ስንፍና ነው" ብለው በሕመሜ ላይ ሁለተኛ ዙር አስሮጡኝ። ከአራት ትልልቅ ሰዎች አንድ እንኳ "ልጄ፣ ያልለመደ ጡንቻ ሲሠራ እንዲህ ያማል፣ ሁለት ቀን ስታርፍ ከድሮው ጠንክሮ ይነሳል" የሚለኝ ይጥፋ? ያን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመስማት ጎረምሳ፣ ከዚያ ባለትዳር፣ ከዚያ ባለቦርጭ እስክሆን መጠበቅ ነበረብኝ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ተአምር ተፈጠረ፤ ዳገቱ አጠረ። መጀመሪያ አንደኛው ኩርባ ላይ ሳንባዬ በአፌ ሊወጣ የሚደርስብኝ ልጅ፣ አሁን እዚያው ኩርባ ላይ እያወራሁ ደረስኩ። በዚያ ሰሞን የመንገድ ሠራተኞች ትልልቅ ማሽን ይዘው ወዲያ ወዲህ ሲሉ አይቻለሁ። ገባኝ።

"ማቴዎስ፣ ሰምተሃል? መንገድ ሥራዎች ዳገቱን ቆርጠው ዝቅ አድርገውታል።"

ማቴዎስ እየሮጠ እንኳ የሚያወራው ቁጭ ብሎ እንደሚያወራ ነው። "አቤ፣ ሲቆርጡት አየህ?"

"አላየሁም፣ ግን አጥሯል።"

"አፈሩንስ የት ወሰዱት?"

የአፈሩን ነገር ትቼ ለክፍሉ ልጆች በሙሉ ነገርኩ፤ ግማሾቹ እስከ ዛሬ ያምናሉ። እግሬና ሳንባዬ ሌሊት ሌሊት እኔ ስተኛ እየተሠሩ እንዳደሩ ማን ይንገረኝ?

አሁን ወደ ላስቲኩ። ከጥር በኋላ አርባ ምንጭ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው፦ ጥላው ራሱ ጥላ ይፈልጋል፤ እንሽላሊት አስፋልት ለመሻገር አንድ እግሯን እያነሳች ተራ በተራ ታሳርፋለች። በዚያ ሙቀት መምህር ጎሹ ከጫኖ መንደር ገበሬዎች የማዳበሪያ ከረጢት የውስጥ ላስቲክ ሰብስበው መጡ። ለአንገትና ለሁለት እጅ ቀዳዳ አበጁለትና ከማሊያችን ሥር አለበሱን። "ስብ የሚወጣው በላብ ነው" አሉ። ስብ! አሥራ ሁለት ልጆች ተሰልፈን የአንዳችን ጎድን ከሌላው ጎድን ጋር ሲጋጭ ይንቋቋል። እኔ ከነጫማዬ አንድ ካርቶን ማንጎ አልመዝንም። ስቡ ከየት አባቱ ይምጣ?

ላስቲኩ መጀመሪያ ይቀዘቅዛል። ቀጥሎ ይሞቃል። ቀጥሎ ቆዳ ላይ ይጣበቅና ስትሮጥ "ጭዋ፣ ጭዋ" ይላል፤ ላቡ በወገብ በኩል ተንቆርቁሮ ካልሲ ውስጥ ይገባል። ሽታው የማዳበሪያ፣ የላስቲክና የልጅ ብብት አንድ ላይ ነው። ያ ሽታ አፍንጫህ ውስጥ አንዴ ከገባ ተከራይ አይደለም፤ ቤቱን ይገዛዋል።

ልምምድ ሲያልቅ ወደ እትዬ ዘነበች ሱቅ እንነዳለን። እትዬ ዘነበች ሲቀላ ገበያ ዳር ሙዝ በጅምላ የሚያስረክቡ ሴት ናቸው፤ የሙዙ መመዘኛ ትልቅ የብረት ሚዛን አላቸው። ከሩጫ በፊት እዚያ ላይ እየወጣን ተመዝነናል፤ ከሩጫ በኋላ እንደገና እንወጣለን። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል፤ መሃል ላይ ሙዝ የጫነ ጋሪ ከመጣ ሙዙ ይቀድማል።

"አንድ ኪሎ ወርዷል!" ይላሉ መምህር ጎሹ በድል። "አንድ ኪሎ ስብ በአንድ ቀን!"

እትዬ ዘነበች ዓይናቸው ያበራል። ሰፊ ሴት ናቸው፤ ከሱቃቸው ሲወጡ በጎን ነው። "መምህር፣ በእመቤቴ፣ ለኔም አንድ ላስቲክ! እዚሁ ሚዛኔ አጠገብ ቁጭ ብዬ ላስወጣው።"

"ለእርስዎ አንድ አይበቃም፣ እትዬ።"

"ወሬኛ! ሁለት አምጣ እንግዲያ!"

በማግስቱ ስንመዘን ኪሎው ተመልሷል። መምህር ጎሹ ጆሮዬን ይይዛሉ። "ማታ ምን በላህ?" ሽሮ እላለሁ። "ዋሽተሃል! ሽሮ ብቻ አንድ ኪሎ አያመጣም።" እኔ ደግሞ ስቤ ማታ ማታ መንገዱን ጠይቆ ወደ ቤት የሚመለስ ይመስለኝ ነበር፤ በርና መስኮት ዘግቼ የተኛሁባቸው ሌሊቶች አሉ። የወጣው ውሃ ነው፤ የተመለሰውም ውሃ ነው። ይህን ለማወቅ መምህር መሆን አያስፈልግም፤ መጠማት ብቻ ይበቃል።

መጠማቱን ደግሞ ተጠምተናል። ምክንያቱም በልምምድ ሰዓት ውሃ ክልክል ነው። "ውሃ የጠጣ ሯጭ ሆዱ ይንቦጫረቃል፤ ልቡም ይቀዘቅዛል።" እንግዲህ አስቡት፤ የከተማው ስም አርባ ምንጭ ነው! አንድ ምንጭ አይደለም፣ ሁለት አይደለም፤ አርባ! ከታች ደግሞ ሁለት ሐይቅ ጨምሮበታል። በዚያ ሁሉ ውሃ መሃል ምላሳችን ላንቃችን ላይ ተጣብቆ፣ መምህር ጎሹ ጋቢና ውስጥ ሆነው ከኮዳቸው ሲጎነጩ ጉሮሯቸው ሲወርድና ሲወጣ እንቆጥራለን። ይህን ስጽፍ እንኳ ተነስቼ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጥቼ ተመለስኩ፤ በንዴት።

ማቴዎስ ከሁላችንም የባሰ ተቸገረ። የደጋ ልጅ ነው፤ መጀመሪያ ሲወርድ በሙቀቱ ፊቱ እንደ በርበሬ ይቀላል እንጂ ላብ አይወጣውም ነበር። ጥቂት ሳምንት ሲቆይ ግን ገና መሮጥ ስንጀምር ግንባሩ ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ጥቁር ማሊያው ሲደርቅ ጀርባው ላይ ነጭ መስመር ይሠራል፤ ልክ ሐይቅ ሸሽቶ ዳር ላይ የተወው ምልክት ይመስላል።

"ይኸውላችሁ ስቡ!" አሉ መምህር ጎሹ ጣታቸውን ቀስረው።

እኔ ደግሞ ልጅ ነኝ፤ ያላየሁትን አላምንም። ማሊያውን ገመድ ላይ ተሰጥቶ ሳገኘው ላስኩት።

በማግስቱ እጄን አወጣሁ። "መምህር፣ ስብ ጨው ጨው ይላል?"

ያን ዕለት በጉልበቴ ተንበርክኬ የዋልኩበት ጠጠር አሁንም በመልክ አውቀዋለሁ።

ቀስ በቀስ የማቴዎስ ነጭ መስመር ቀጠነ። ዛሬ ሲነግሩኝ፣ ቆላን የለመደ ሰውነት ላቡን ቶሎ ያወጣል፣ ጨዉን ግን ይቆጥባል አሉ። ልጁ ያለ አስተማሪ፣ በገዛ ቆዳው፣ ቆላን ተምሮ ፈተናውን አልፎ ነበር! መምህር ጎሹ ግን ማሊያውን ገልብጠው አይተው ምን ቢሉት ጥሩ ነው? "ነጩ ቀነሰ። ስብህን እየደበቅክ ነው።" ሁለተኛ ላስቲክ ደረቡበት።

አንድ ቀን ከሩጫ በፊት ማንጎ ዛፍ ሥር ተጋድመን ጆሮዬን ደረቱ ላይ አደረግሁ። የልቡ አመታት ዝግ ያለ ነው። አንድ ይመታል፣ ከዚያ እንደ መንግሥት ቢሮ ሻይ እረፍት ይወጣል፣ ተመልሶ ደግሞ አንድ ይመታል።

"ማቴዎስ፣ ልትሞት ነው" አልኩት።

"አልሞትም። ልቤ አትቸኩልም። ሥራዋን ታውቃለች።"

የኔን አዳመጠና ሳቀ። "ያንተ እንደ ተባረረች ዶሮ ናት።"

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በየቀኑ፣ ያንኑ ዳገት፣ ያንኑ ላስቲክ ነው። እሁድ እኛ ጠዋት ቅዳሴ ውለን ከሰዓት እንሮጣለን፤ ማቴዎስ ግን እሁድን ሙሉ ከአጎቱ ጋር ቸርች ነው፤ መዘምራን ውስጥ ይዘምራል፣ ኩርኩፋውን፣ ያን የበቆሎ ድብልብል፣ በአለኮ ቅጠል ይበላል፣ ይተኛል። ሰኞ ሲመጣ ታዲያ መሬት አይነካም! ቅዳሜ እንደኛ እግሩን ሲጎትት የነበረ ልጅ ሰኞ ይበራል። እኛ "የሰኞ እግር" አልነው።

ምስጢሩ ለኔ ግልጽ ነበር። እግዜር ለዘማሪዎች የእሁዱን ደመወዝ ሰኞ በእግር ነው የሚከፍላቸው። እኔም የሰኞ እግር ፈለግሁ። በሚቀጥለው እሁድ እናቴን "አስቀድሼ ከሰዓት ለልምምድ እሄዳለሁ" ብያት፣ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን በጓሮ በር ሾልኬ ጋሽ ጳውሎስ ቸርች ሄድኩና ከመዘምራኑ ኋላ ቆምኩ። መዝሙሩ በጋሞኛ ነው፤ አንድ ቃል አላውቅም፤ አፌን እከፍታለሁ፣ አጨበጭባለሁ። እያጨበጨብኩም ለእግሬ በሆዴ ተሳልኩ። ከሰዓትም በደስታ ብዛት እዚያው አግዳሚ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሰኞ እኔም በረርኩ! በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መጨረሻ አልወጣሁም።

ማክሰኞ ወሬው እናቴ ጆሮ ደረሰ።

"አንተ! እኔ ቅዳሴ ላይ ቆሜ አንተ ጭብጨባ ላይ?"

"እማዬ፣ ለእግሬ ብዬ ነው!"

"ለእግርህ ጠበል አለ!"

ሳምንቱን ሙሉ በቀዝቃዛ ጠበል ተጠመቅሁ። ሰኞ እንደገና እግር ጠፋ።

መምህር ጎሹ ግን ነገሩን አስተዋሉ። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ፤ አስተዋሉ! ማቴዎስን በፊታችን አቁመው "አንተ ሰኞ ሰኞ የምትፈጥነው እሁድ ተኝተህ ስለምትውል ነው!" አሉት። እውነት ነው! የዓመቱን አንድ እውነት ተናገሩ! እንደዚህ ዓይነት ሐቅ እጁ የገባ አሰልጣኝ ምን ያደርጋል? ለሁላችንም እሁድን ይሰጣል። እሳቸው ምን አደረጉ? "ጉልበትህን እየደበቅክ ነው" ብለው ከማቴዎስ እሁዱን ወሰዱበት። ማምሻውን ጋሽ ጳውሎስ ዘንድ ሄደው ተቀመጡ፤ አባቴም ለማግባባት አብሮ ሄደ።

"ልጁ ሐዋሳ እንዲደርስ ከፈለጉ፣ ወንድም ጳውሎስ፣ ለጥቂት እሁድ ይተዉልኝ።"

ጋሽ ጳውሎስ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ዘግተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። "ለልጁ የሚጠቅም ከሆነ" አሉ በመጨረሻ። "እግዚአብሔር ይረዳዋል።"

ከዚያ በኋላ ማቴዎስ ሰኞ ሰኞ መብረር አቆመ። ቀጥሎ ማክሰኞም ከበደው። ያ ቁጭ ብሎ እንደሚያወራ ሰው እየሮጠ የሚያወራ ልጅ ዝም አለ። ኩርኩፋው ሳህኑ ላይ ይቀራል፤ ሌሊት አይተኛም፤ "እግሬ እምቢ አለች" ይላል። መምህር ጎሹ "ልግመት!" ይላሉ፤ ዙር ይጨምራሉ። ሊያጡት ነው ብለው በተጨነቁ ቁጥር የበለጠ ያባርሩታል።

ለሐዋሳ በሚመረጥበት ውድድር ዋዜማ ጠዋት፣ እንደ ድሮው ማንጎ ዛፍ ሥር ጆሮዬን ደረቱ ላይ አደረግሁ። ልቡ እየጋለበች ነው። ተጋድሞ፣ ምንም ሳይሠራ፣ ልክ እንደኔዋ እንደ ተባረረች ዶሮ። እኔ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

"ማቴዎስ፣ ልብህም ሩጫ ተማረች!"

አልሳቀም። ዓይኑን ጨፍኖ "ነገ ሐዋሳ ነው" አለ ብቻ።

ውድድሩ እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ተጀመረ፤ የክብር እንግዳው አርፍደው ነው። ማቴዎስ መጀመሪያ ላይ መራን። መምህር ጎሹ ከሚኒባሱ መስኮት ላይ "ብረት! ብረት!" ይላሉ። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ስደርስ ከፊቴ አየሁት፤ ከመንገዱ ግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። አጠገቡ ስደርስ ክንዱን ነካሁት። ደረቅ ነው፤ ላብ የለም፤ ከምጣድ የወረደ ነገር ይመስል ይፋጃል። "መንገድ ሥራዎች…" አለኝና ዞሮ ቁልቁል መሄድ ጀመረ። ከዚያ ተቀመጠ። ከዚያ ተጋደመ።

በውድድር ቀን እንኳ ከማሊያው ሥር ያልወለቀለትን ላስቲክ በጥርሳቸው የቀደዱለት ሴቶቹ ናቸው። ላስቲኩ ሲቀደድ የወጣው ሽታ ያ ነው። አንዷ የተሸከመችውን ጄሪካን ውሃ ከራሱ እስከ እግሩ አፈሰሰችበት። እኔን ከኋላ ፊሽካው "አትቁም!" ብሎ ነዳኝና አለፍኩ። እንዲህ ነው የቀደምኩት።

ማታ ከጤና ጣቢያ ሲመልሱት መምህር ጎሹ ደጃፍ ላይ ቆመው "የደጋ ሰው ቆላ ላይ ሰም ነው፤ ይቀልጣል። ጠንካራ መስሎኝ ነበር" አሉ። ሰም! ከሳምንቱ ሰባቱንም ቀን በላስቲክ ጠቅልለው፣ ውሃ ነስተው፣ እንቅልፍ ነስተው፣ ሲወድቅ ጥፋቱ የልጁ ሆነ!

ጋሽ ጳውሎስ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "መምህር" አሉ፣ "እሁዱን እኮ ሰጥቼህ ነበር።"

አባቴ ያን ማታ ዳማ አልተጫወተም።

ሐዋሳ ሌላ ልጅ ሄደ። ክረምት ሲገባ ማቴዎስ ጨንቻ በሚወጣ አይሱዙ ላይ ከሙዝ ጭነት በላይ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ ሥጋ ተመልሷል፤ ከወደቀ ወዲህ አንድም ቀን አልሮጠም ነበርና እግሩም እምቢ ማለት ትቷል። ሄጄ ጎማው ላይ ወጥቼ ከጎኑ ተንጠላጠልኩ።

"አቤ፣ ዳገቱን ሲቆርጡት ጥራኝ" አለኝ።

መኪናው ተነሳ። እኔም ጥቂት ከኋላው ሮጥኩ፤ ልቀድመው አይደለም።

ሰውነት ብረት አይደለም! ብረትን ቀጥቅጠህ ጥለኸው ብታድር ጠዋት ያው ብረት ነው። ሰውነት ግን አድክመኸው ካበላኸው፣ ካጠጣኸውና ካስተኛኸው፣ ጠዋት የበለጠ ሆኖ ይጠብቅሃል። ይህን በምሬት የምናገረው ስለማውቀው ነው። በሠርጉ ዋዜማ ማታ እንኳ ለሙሽራው ጓደኞች ጠረጴዛ እየደበደብኩ ተናግሬዋለሁ። "ላብ ስብ አይደለም! በላስቲክ የሚሮጥ ሰው ደንቆሮ ነው!" አጨበጨቡልኝ።

እንግዲህ ሽታው ከየት መጣ ላልኩት። ከሸሚዜ ሥር ነው። የሠርጉ ሱፍ አልቆለፍ ብሎኝ፣ ጠዋት ከሆቴሉ ስወጣ ሁለት ትልልቅ የቆሻሻ ላስቲክ ለአንገትና ለእጅ ቀድጄ ለብሻለሁ። ውሃም አልያዝኩም። ሲቀላ ስነሳ መንገድ ዳር ተመዝኛለሁ፤ ሴቻ ስደርስም ዣንጥላ ዘርግታ ሚዛን ይዛ የተቀመጠች ሴት አገኘሁና "ጭዋ፣ ጭዋ" እያልኩ ወጣሁበት።

አንድ ኪሎ ወርዷል።

ደስ አለኝ።